ኮርኒሱ ላይ የሚሮጠው ማን ነው?

ሌሊት ኮርኒስ ላይ ሩጫ በተሰማ ቁጥር ብዙ ቤት ውስጥ የሚደረገው ነገር አንድ ነው። አባወራው በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባል፤ ለጥቂት ደቂቃ ጸጥ ይላል፤ መብራት ሲጠፋ ሩጫው ይቀጥላል። በማግስቱ «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን፣ የቁንጫ!» እያለ በድምፅ ማጉያ ሰፈር ለሰፈር ከሚዞረው ሻጭ በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት ይገዛል፤ ዳቦ ላይ ተነስንሶ ኮርኒስ ውስጥ ይወረወራል። ከቀናት በኋላ ቤቱ ይሸታል፤ የጎረቤት ድመት ሞታ ትገኛለች፤ ወር ሳይሞላ ደግሞ ሩጫው እንደ ነበረ ይመለሳል። አይጥ ሞተ እንጂ ቀዳዳ አልተዘጋምና።

እኔ የምመክርዎ የዚህን ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ጩኸቱ የማን እንደሆነ ይለዩ፤ ቀጥሎ የሚበላውን ያሳጡት፤ ከዚያ መግቢያውን ይድፈኑ። ወጥመድ ከዚህ ጋር አብሮ ይሄዳል። መርዝ ግን ለአብዛኛው ቤት ጨርሶ አያስፈልግም። የልጆች ሕይወት ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ወደ ኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ያዳምጡ

ሁለት ሦስት ሌሊት ምንም ሳይነኩ ድምፁንና ሰዓቱን ብቻ ይከታተሉ። ቤቱ ሲረጋጋ የሚጀምር፣ እኩለ ሌሊት ላይ ጋብ ብሎ ሊነጋ ሲል የሚያገረሽ ሩጫና የመቆርጠም ድምፅ ከሆነ አይጥ ነው። ኮርኒሱን እስኪያርገበግብ ከበድ ብሎ የሚሮጠው አይጠ ሞጎጥ ነው፤ ጫር ጫር የሚል ቀላል ድምፅ የምታሰማው ትንሿ የቤት አይጥ ናት። የሌሊት ወፍ አትሮጥም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከቆርቆሮው ሥር ጭጭታና ሽኩቻ ይሰማል፤ ሲጨልም ሁሉም ለአደን ስለሚወጡ ሌሊቱ ጸጥ ይላል፤ ሊነጋጋ ሲል ጭጭታው ይመለሳል። ቀን ቀን ጥፍር ቆርቆሮ ሲቧጭርና ጉርምርምታ ሲሰማ እርግብ ናት። እንደ ሕፃን የሚያለቅስ፣ ቆይቶም ወደ ጠብ የሚለወጥ ጩኸት ደግሞ የድመቶች የፍቅር ወቅት ነው፤ በራሱ ጊዜ ያልፋል።

እንስሳ የሌለበት ጩኸትም አለ። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ሲግል ይለጠጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ምስማር የያዘው ቦታ ላይ «ጧ» ይላል። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ብርዳም በሚሆንበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይህ ድምፅ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ከቦታ ቦታ የማይጓዝ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ሰዓታት የሚያበቃ ከሆነ ቆርቆሮው ነውና ይተኙ።

በጆሮ የጠረጠሩትን ቀን በዓይን ያረጋግጡ። የኮርኒሱን መውጫ ከፍተው በባትሪ ጠርዝ ጠርዙን ይመልከቱ። የቤት አይጥ ኩስ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ፣ ጫፉ የሾለ ነው፤ የአይጠ ሞጎጡ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የሌሊት ወፍ ኩስ መጠኑ ከቤት አይጥ ጋር ስለሚቀራረብ ሰው ይሳሳትበታል። መለያው ቀላል ነው፤ አንዱን በወረቀት ይዘው ጨመቅ ያድርጉት። የአይጥ ከሆነ ደርቆ ይጠነክራል። የሌሊት ወፍ ከሆነ ግን ተፈርፍሮ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ውስጥም የሚያብለጨልጭ የነፍሳት ክንፍና ቅርፊት ስብርባሪ ይታያል።

ሌላው ምልክት ቅባት ነው። አይጠ ሞጎጥ በየሌሊቱ በአንድ መንገድ ስለሚመላለስ ጠጉሩ ላይ ያለው ቅባትና እድፍ የጣሪያውን እንጨትና የግድግዳውን ጠርዝ እያሻሸ ጥቁር መስመር ያወጣል። መስመሩን ተከትለው ቢሄዱ ብዙ ጊዜ መግቢያው ላይ ያደርስዎታል። መስመር ካልታየዎት የጠረጠሩበት ቦታ ላይ ማታ ስስ አድርገው ዱቄት ወይም አመድ ይነስንሱ፤ ጠዋት ዱካውን ያገኙታል።

የሚበላውን ያሳጡት

ክረምት ሲገባ ፍሳሽ ቦዩና ጉድጓዱ በጎርፍ ስለሚሞላ እዚያ የነበረው አይጥ ሁሉ ወደ ቤት ይሰደዳል። በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ደግሞ አዝመራ ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ሲሆን እህሉን ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ሥራውን ሰኔ ሳይገባ፣ ሁለተኛም አዝመራ ከመግባቱ በፊት ቢያደርጉት ድካሙ በግማሽ ይቀንሳል።

ማዳበሪያ ከረጢት ለአይጥ ጥርስ ምኑም አይደለም። የፊት ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ ሳይቆረጥም መኖር አይችልም፤ እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሳይቀር ይበላል፣ በዚህም ምክንያት ቤት ይቃጠላል። ጤፉን፣ ሽሮውን፣ በርበሬውን ክዳኑ ገጥሞ በሚዘጋ በርሜል ወይም የብረት ጣሳ ያድርጉት። በጆንያ መቀመጥ ያለበት ካለ ከወለል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ አልጋ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ይደርድሩት፤ አይጥ ግድግዳ ታክኮ መሄድ ስለሚወድ ክፍት ቦታ ያስፈራዋል፣ እርስዎም ኋላውን ማየትና መጥረግ ይችላሉ። ጎተራ ላላቸው፣ እግሮቹ ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ይነሡና እያንዳንዱ እግር ላይ አፉ ወደ ታች የተደፋ የላሜራ ጉልላት ይግባበት። አይጡ ሲወጣ እዚያ ሲደርስ ይመለሳል።

ማታ የሚተርፈው ነገር ብዙ ነው፦ ለውሻ የተቀመጠ ፍትፍት፣ ለዶሮ የተበተነ ፉርሽካ፣ ማዕድ ቤት ጥግ ያለ የድንች ልጣጭ፣ ሰብሳቢዎቹ ጠዋት እንዲወስዱት በር ላይ የተቀመጠ ቆሻሻ። የቤት እንስሳ የበላበትን ዕቃ ጀምበር ሳትጠልቅ ያንሡ። ቆሻሻውን ክዳን ባለው ባልዲ ያሳድሩት እንጂ በፌስታል አያስቀምጡት። የሚያፈስ ቧንቧ ካለ ያሠሩ፤ ትንሿ የቤት አይጥ ከምግቡ የምታገኘው እርጥበት ሊበቃት ይችላል፣ አይጠ ሞጎጥ ግን በየቀኑ ውሃ ካላገኘ አይቆይም።

መግቢያውን ይድፈኑ

ከሁሉም በላይ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ። የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ፣ ማለትም እርሳስ በሚያስገባ ክፍተት ታልፋለች። ለአይጠ ሞጎጥ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይበቃዋል። እርሳስና ባትሪ ይዘው ቤቱን በውጭ አንድ ጊዜ፣ በውስጥ አንድ ጊዜ ይዙሩት፤ እርሳሱ በገባበት ሁሉ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግድግዳውና ጣሪያው የሚገናኙበትን ቦታ ነው። ቆርቆሮ ሸንተረር ስላለው ግድግዳው አናት ላይ ሲያርፍ በእያንዳንዱ ሸንተረር ሥር አንድ አንድ ቀዳዳ ይቀራል። በአንድ ተራ ቤት ዙሪያ እንዲህ ያለ ብዙ ደርዘን በር አለ ማለት ነው፤ ለአይጥም፣ ለሌሊት ወፍም፣ ለድንቢጥም የተከፈተ። ቀን ኮርኒሱ ውስጥ ሆነው መብራት ቢያጠፉ ብርሃን በየሸንተረሩ ሲገባ ያዩታል። እዚያ ላይ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ የሽቦ ወንፊት በሸንተረሩ ቅርፅ አጥፈው በምስማር ይምቱት። የዶሮ ሽቦ አይግዙ፤ ዓይኑ ሰፊ ስለሆነ የቤት አይጥ ሳትጎነበስ ታልፍበታለች። ቀዳዳውን ከነጭራሹ በጭቃ መምረግ አይጥን ቢከለክልም የጣሪያውን አየር ይዘጋል፤ እርጥበት ይታመቅና እንጨቱ ይበሰብሳል። ስለዚህ ወንፊት ይሻላል።

ለጭቃ ቤት ግድግዳ ጭድ ያለበት ምርጊት ብቻውን አይበቃም። ጉድጓዱ ውስጥ መጀመሪያ የዕቃ መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቀው ያስገቡ፤ በላዩ የሲሚንቶና የአሸዋ ልስን ይምቱበት። አንዳንድ ግንበኞች ልስኑ ውስጥ የጠርሙስ ስብርባሪ ይጨምራሉ፤ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ከሆነ ጥሩ ዘዴ ነው። ከጣሳ የሚረጨው አረፋ ንፋስ ያግዳል እንጂ አይጥ አያግድም፤ በአንድ ሌሊት ይሸረሽረዋል። ከበር ሥር ያለውን ክፍተት በላሜራ ይዝጉ፤ ቧንቧ ግድግዳ የሚያልፍበትን ቦታ ዙሪያውን ይለስኑ፤ የፍሳሽ ክዳኑ ላይ የብረት ወንፊት ያድርጉ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ከአንድ ሜትር በላይ እንዲርቅ ይቁረጡት። አይጠ ሞጎጥ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በግድግዳው አይደለም፤ በግቢው ዛፍና በመብራት ገመድ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ሁሉንም ቀዳዳ በአንድ ቀን ከደፈኑ ውስጥ ያለው ውስጥ ይቀራል፤ ይሞትና ይሸታል ወይም አዲስ ቀዳዳ ወደ መኝታ ቤትዎ ያወጣል። ስለዚህ በጣም የሚመላለሱበትን አንዱን ቀዳዳ ይተዉት፤ ሌላውን ሁሉ ይድፈኑ፤ ወጥመዱን በዚያ መንገድ ላይ ያጥምዱ። ሳምንት ሙሉ ድምፅ ሲጠፋና የነሰነሱት ዱቄት ላይ ዱካ ሳይኖር ሲቀር የመጨረሻዋን ቀዳዳ ይዝጉ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖሩ ይህ ሁሉ ብቻዎን አይሳካም። አይጡ በቧንቧ መተላለፊያው ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። የብሎኩን ኮሚቴ ያነጋግሩና የቆሻሻ ማስቀመጫውንና የቧንቧ መተላለፊያውን በአንድ ጊዜ አብራችሁ ሥሩት።

ወጥመድ

ከጥንት ጀምሮ ያለው፣ ሞላ ያለው የሚቀጭ ወጥመድ ዛሬም የሚበልጠው የለም፤ ርካሽ ነው፣ ወዲያው ይገድላል፣ የሞተውን አንሥተው መቅበር ይችላሉ። ምግብ የሚደረግበትን ጫፍ ግድግዳው ላይ አስጠግተው፣ ወጥመዱን ከግድግዳው ጋር መስቀልያ አድርገው ያስቀምጡ። የቤት አይጥ ከጎሬዋ ርቃ ስለማትሄድ ወጥመዶቹ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይራራቁ። አንድ ወጥመድ ገዝቶ ለወር ከመጠበቅ አሥር ለአንድ ሳምንት ማጥመድ ይሻላል። ማባበያው አተር ያህል ብቻ ይሁን፦ የለውዝ ቅቤ፣ የተቆላ ለውዝ፣ በክር የታሰረ ቋንጣ። ብዙ ከሆነ ዳር ዳሩን በልቶ ይሄዳል።

ሁለቱ በጠባይ ይለያያሉ። የቤት አይጥ አዲስ ነገር ስታይ መመርመር ስለምትወድ በመጀመሪያው ሌሊት ልትያዝ ትችላለች። አይጠ ሞጎጥ ግን አዲስ ነገር ይፈራል፤ ለቀናት ይዞረዋል እንጂ አይነካውም። ለእሱ ወጥመዱን ሳያጠምዱ ማባበያውን ብቻ እየሰጡ ሦስት አራት ሌሊት ያስለምዱት፤ ከዚያ ያጥምዱት።

በማስቲሽ የሚይዘውን ካርቶን አልመክርም። እንስሳው ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀን በሕይወት እያለ ይሠቃያል፤ በጭንቀት የሚለቀው ሽንት ደግሞ በሽታ ያስተላልፋል። ሶኬት ላይ የሚሰካው፣ «ለጆሮ በማይሰማ ድምፅ አይጥ ያባርራል» የሚባለው መሣሪያም ገንዘብዎን ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የዚህን ዕቃ ከ60 የሚበልጡ አምራቾችና ሻጮች ለሚናገሩት ሁሉ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንዲኖራቸው አስጠንቅቋል። አይጡ ድምፁን በጥቂት ቀን ይለምደዋል። ድመት ትረዳለች፣ በተለይ የቤት አይጥን በመያዝ፤ ያደገ አይጠ ሞጎጥ ሲገጥማት ግን ብዙ ጊዜ ትተወዋለች።

የሞተውን በባዶ እጅ አይንኩ። ኩሱንም በደረቁ አይጥረጉ፤ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው ያርከፍክፉበት፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ በጨርቅ ጠርገው በፌስታል ቋጥረው ይጣሉት። የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለውን በሽታ፣ ቁንጫው ደግሞ አንድ ዓይነት ታይፈስ ያስተላልፋል፤ የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጥቶት አልሻል ያለው ሰው ቤቱ አይጥ ያለበት ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ቢነግረው ይጠቅመዋል።

ስለ መርዝ

ገበያ ላይ የሚገኘው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው፤ ብሮማዲዮሎንና ብሮዲፋኩም ከዚህ ወገን ናቸው። አይጡ የሚሞተው ከበላ ከሦስት እስከ አምስት ቀንና ከዚያም በላይ ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ እየተዳከመ ይንቀሳቀሳል፣ ድመቷ ወይም ጉጉቷ በቀላሉ ትይዘዋለች፣ መርዙ ወደ እነሱ ያልፋል። ለዚህኛው ቢያንስ ማርከሻ አለው፤ ሐኪም ቤት ቫይታሚን ኬ1 ይሰጣል።

ሁለተኛው ግራጫ ጥቁር የሆነው ዱቄት፣ ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ጨጓራ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል። ማርከሻ የለውም።

ሦስተኛው፣ ፈጽሞ ቤት እንዳይገባ የምለምንዎ፣ ለነቀዝ ተብሎ እህል ውስጥ የሚጨመረው ክኒን ነው፤ አሉሚኒየም ፎስፋይድ። ይህ ከአየር እርጥበት ብቻ ጋር ሲገናኝ ያንኑ ጋዝ ይለቃል። ለታሸገ የእህል መጋዘን ነው የተሠራው። ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ ኮርኒስ ውስጥ ወይም አልጋ ሥር ባለ ጆንያ ውስጥ ሲቀመጥ ቤተሰብ በተኛበት ይገድላል። ለአይጥ ብለው ጉድጓድ ውስጥ የሚጥሉት አሉ፤ ጋዙ በግድግዳው ስንጥቅ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ክኒኑ ቤትዎ ካለ ዛሬውኑ ልጅ ከማይደርስበት፣ ሰው ከማይተኛበት ቦታ በታሸገ ዕቃ ያውጡት፣ ውሃ እንዳይነካው ያድርጉ፣ አወጋገዱንም የወረዳዎን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ።

ስያሜ በሌለው ላስቲክ የተቋጠረ መርዝ አይግዙ። ሐኪሙ ምን እንደ ተበላ ካላወቀ በምን ያክማል? ልጅ መርዝ ከቀመሰ ወተትም እንቁላልም አያጠጡት፣ በጣትም አያስመልሱት። የተረፈውን መርዝና መያዣውን ይዘው ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይሮጡ። «ደኅና ነው፣ ይጫወታል» ብለው አይጠብቁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጸጥ ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ።

የሌሊት ወፍ፣ እርግብና የንጋት ጯሂዎች

የሌሊት ወፎቹን አይግደሏቸው። በቆርቆሮ ሥር የሚውሉት ነፍሳት የሚበሉት ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ትንኝና የእሳት ራት ሲለቅሙ ያድራሉ። ጩኸቱና ሽታው ካስቸገረዎ ማስወጣት ይቻላል። ጀምበር ስትጠልቅ ውጭ ቆመው በየትኛው ቀዳዳ እንደሚወጡ ይዩ። ከዚያ ቀዳዳ በስተቀር ሌላውን ይድፈኑ። በቀረው ቀዳዳ ላይ ከአናቱና ከጎኖቹ የተመታ፣ ከታች የተፈታ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ታች የሚንጠለጠል ስስ መረብ ይስቀሉ። ሲወጡ በመረቡ ሥር ሾልከው ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ግን ቀዳዳው ላይ ሊያርፉ ስለሚሞክሩ መረቡ ይከለክላቸዋል። ከሳምንት በኋላ ቀዳዳውን ይዝጉ። ይህን ከማድረግዎ በፊት ውስጥ ጠጉር ያላወጡ ልጆች መኖራቸውን በባትሪ ያረጋግጡ፤ ካሉ እስኪበሩ አንድ ወር ተኩል ያህል ይታገሡ፤ አለዚያ እናቶቹ ውጭ ቀርተው ልጆቹ ኮርኒስ ውስጥ ያልቃሉ። መሬት ላይ የወደቀች የሌሊት ወፍ ካለች በባዶ እጅ አይንኩ፣ ልጆችም እንዳይጫወቱባት።

እርግብ የምትቀመጥበትን ጠርዝ በወንፊት መዝጋት ወይም ላሜራ በሰያፍ መምታት ይበቃል። ጎጆዋ ውስጥ ጫጩት ካለ አንድ ወር ያህል ይጠብቁና ሲበሩ ይዝጉት። ኩሷ ሲደርቅ ሳንባ የሚያውክ ፈንገስ ስለሚኖርበት አርሰው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይጥረጉ፤ በተለይ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለ ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራው።

በአዲስ አበባ ንጋት ላይ በጣም የሚጮኸው ረጅም ጎባጣ መንቁር ያላት፣ ከጉሮሮዋ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለባት፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ወፍ ናት። በቡድን እየበረሩ «ሃ ሃ ሃ» ሲሉ መስኮት ይነቀንቃል። እነዚህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ሣር ላይ የሚቆፍሩት ትልና እጭ ፍለጋ ነው፤ ለአትክልትዎ ይሠራሉ። ለእነሱ መድኃኒት መፈለግ አይገባም፤ ረጃጅሙን ዛፍ ለጩኸታቸው ብለው የሚቆርጡ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ከልብ አዝናለሁ።

ጉጉትም ስትጮህ ሟርት ነው እያሉ በድንጋይ የሚያባርሯት አሉ። ጉጉት ቤትዎ አካባቢ የምትጮኸው አይጥ ስላለ ነው። ትቆይልዎ።

ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ወይም እንጦጦ ሥር ያሉ አንባብያን የጦጣንና የዝንጀሮን አያያዝ ያውቁታል። ዋናው ነገር አንድ ነው፦ ሙዝ ወርውሮ ፎቶ የሚያነሣውን እንግዳዎን ይከልክሉ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጦጣ በመስኮት ገብቶ መሶብ መክፈት ይጀምራል።

ውሻና ጅብ

ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ የጎረቤት ውሻ ብዙውን ጊዜ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ነው። በአጥሩ ክፍተት የሚያልፈውን ሁሉ ያያል፣ አይደርስበትም፣ ይጮሃል። ጎረቤትዎን በቁጣ ሳይሆን ጠዋት ቡና ላይ ያነጋግሩ፤ «እማማ፣ ውሻችሁ የሚጮኸው በዚህ በኩል መንገዱን ስለሚያይ ይመስለኛል፤ እዚህ ጋ ቆርቆሮ ብንመታበት እኔ አግዛለሁ» ይበሉ። ማታ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ቢታሰር፣ ቀን ቢፈታና ከመኝታ በፊት ቢበላ ልዩነቱ በጥቂት ቀን ይታያል። የጎዳና ውሾችን በመርዝ ማጥፋት አይሠራም፤ የሞቱትን ቦታ ክትባት የሌላቸው አዲሶች ይይዙታል። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያቆመው የውሾች ክትባት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቢያንስ 70 በመቶው እንዲከተብ ነው።

ጅብ ወደ ሰፈር የሚመጣው ጠረን ተከትሎ ነው። ፋሲካና ገና ማግሥት ፈርሱ፣ አንጀቱ፣ አጥንቱ በየቦዩ ሲጣል ከወንዝ ዳር ጫካው ይወጣል። እርዱ እንዳለቀ ፈርሱን ከአንድ ሜትር በማያንስ ጉድጓድ ይቅበሩት፣ በላዩ አፈርና ድንጋይ ይጫኑበት። ለበዓል የገዙት በግ ከበዓሉ በፊት የሚያድርበትን ቦታ በግንብ ወይም በጠንካራ ቆርቆሮ ይጠሩ፣ በሩን ከውስጥ ይቀርቅሩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። ሌሊት ጅብ ካጋጠመዎ አይሩጡ፣ ጀርባም አይስጡ፤ ባትሪ አብርተው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ቀስ ብለው ያፈግፍጉ። ልጆች ንጋትና ምሽት ላይ ብቻቸውን አይሂዱ፤ በሞቃት አገር ደጅ የሚያድሩ ሰዎችም አጥር ውስጥ ይሁኑ። ሰው የለመደ፣ የማይሸሽ ጅብ ሲያዩ ለወረዳው ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያሳውቁ እንጂ መርዘኛ ሥጋ አይጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት በመቀሌ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ሬሳ ቆሻሻ እንደሚያነሡ፣ በዚህም አንትራክስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን እንደሚቀንሱ አስልቷል። ሐረር ላይ በየምሽቱ ሥጋ እያጎረሱ ከእነሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ያ ግን በትውልድ የመጣ ልማድ ነው፣ ቤትዎ ደጃፍ ላይ አይሞክሩት።

ውሻ፣ ጅብ፣ ድመት ወይም የሌሊት ወፍ ከነከሰዎ ወይም ከቧጨረዎ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡት። ቅቤ፣ ቡናም ሆነ ቅጠል አያድርጉበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ክትባቱ በአቅራቢያ ካልተገኘ የት እንዳለ እዚያው ይነግሩዎታል፤ አዲስ አበባ ላይ ሰው አሁንም ፓስተር በሚለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ክትባቱ ለረጅም ዘመን ሲሠራ ቆይቷል። ጠበሉና ጸሎቱ ይኑር፤ መርፌው ግን አይዘግይ፣ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለምና። ውሻው የታወቀ ከሆነ አይግደሉት፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። እርስዎ ግን እስከዚያ ሳይጠብቁ ክትባቱን ይጀምሩ፤ ቁስሉ ቢድንም ሐኪሙ በቃ እስኪልዎ ድረስ አያቋርጡ።